ድስቱ የሚጠብቀው ሰው

ይህ ነገር የሆነው ጉም በሚገዛው አገር ነው። አገሩ የት እንደሚገኝ አትጠይቁኝ። ካርታ ሊሠሩ የሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ጉሙ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጠፋፍተው ባዶ ብራናቸውን ይዘው ተመለሱ ይባላል። የአገሩ ስም ሀገረ ጊሜ ነው። ከዓመቱ ሰባቱን ወር ጉም ይወርድበታል፤ ጉሙ ሲወርድም ሰው የገዛ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አያያቸውም። በዚያ አገር ሚስት ባሏን የምታውቀው በሳሉ ነው፤ ገበሬም በሬውን የሚለየው ዳብሶ ነው።

የዚህ አገር ንጉሥ ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲነሣ ሕዝቡን ሰብስቦ ሁለት ቃል ተናገረ። «በምድሬ ያለ ሰው ሁሉ የእኔ ነው» አለ መጀመሪያ። ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ሳያልቅ ሁለተኛውን ጨመረ፦ «የእኔ የሆነ ሁሉ ስሙ የሚጠራበት ቤት ይኑረው። ስመለስ የምጠይቀው በየቤቱ እየገባሁ ነው።» ለሁለተኛው ቃል የተነሣው እልልታ እንደ መጀመሪያው የደመቀ አልነበረም። ሰው ነንና አይፈረድብንም፤ የመጀመሪያው ቃል ደስ ያሰኛል፣ ሁለተኛው ግን ሥራ አለበት።

ንጉሡ ሄደ። በየመንደሩም አንድ ጥሪ ቤት ተሠራ፤ በጠቅላላው አርባ ሁለት። የጥሪ ቤት ሕግ አጭር ነው። በየቀኑ ቀትር ላይ የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል። መሐል ላይ ትልቅ የንፍሮ ድስት እንደ ተከደነ ይቀመጣል። ጠሪ የሚባለው ሽማግሌ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ የተጠራውም «አለሁ» ይላል። የሁሉም ስም መልስ እስኪያገኝ ድረስ ክዳኑን የሚነካ የለም። መንገድ የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለቤቱ ነግሮ ይሄዳል። ለታመመ ሰው ሌላው ሊመልስለት ይችላል፤ ያ የሚመልስለት ሰው ግን በዚያው ዕለት፣ በገዛ ዓይኑ፣ አይቶት መሆን አለበት። «ደኅና ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አይሠራም። «ትናንት አይቼዋለሁ»ም አይሠራም። ስሙ ተጠርቶ መልስ ያልተገኘለት ሰው ካለ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ረጅም ገመድ ይዞ ወደ ጉሙ ይወጣል፤ ሰውየውን ሳያገኝም አይመለስም።

በየጥሪ ቤቱ የሚሰበሰበው ሁሉ ደግ ሰው ነበር ብዬ አላታልላችሁም። እኔ ባደግሁበት ቤት ጠሪው አንድ ዓመት ሙሉ ስሜን እያሳሳቱ ሲጠሩኝ ኖረዋል። ሁለት ሴቶችም ነበሩ፤ ሰበቡን ማንም በማያስታውሰው ጠብ አሥራ አንድ ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። ሆኖም አንዷ ስትታመም ሌላይቱ በጠዋት ሄዳ በመስኮት አይታት ትመጣና፣ ስሟ ሲጠራ፣ ፊቷን ሳታዞር «አይቻታለሁ፤ አለች» ትላለች። ይህን ካየሁ ወዲህ ስለ ጥሪ ቤት ክፉ ሲወራ ብዙም አይሞቀኝ፣ ብዙም አይበርደኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዋርካ ሥር በሚባለው መንደር እንግዳወርቅ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበረ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅም የለውም። እጁ የተዋጣለት ባለሙያ፣ ለሰው ቁም ነገር የሚናገር፣ ለንጉሡም ልቡ የሚነድ ሰው ነው። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ አያ ሽበሺ።

አያ ሽበሺ የዚያው ጥሪ ቤት ሰው፣ ከአንዲት አህያ በቀር ምንም የሌላቸው አዛውንት ናቸው። ስማቸው ሲጠራ እንደ ሰው «አለሁ» ብለው ዝም አይሉም። «አለሁ፤ ካሉት ጋር ቁጠሩኝ እንጂ ጉልበቴስ ሲቆጠቁጠኝ ነው ያደረ። ቅቤ ቀባሁት፣ እምቢ አለ። ከዚያ የጎረቤቴ ልጅ ምን አለችኝ መሰላችሁ...» ብለው ይጀምራሉ። ድስቱ ተከድኖ ይጠብቃል። ጨርሰዋል ሲባል ወደ እንግዳወርቅ ይዞራሉ፦ «ያ ኮርቻህ ደግሞ ዛሬም የአህያዬን ጀርባ ላጠው!» ይህን በየቀኑ፣ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚሉት። እንግዳወርቅ ኮርቻውን ሁለት ጊዜ አስተካክሏል። ጥፋቱ የኮርቻው ሳይሆን የአህያዪቱ ጀርባ ነው ብሎ ያምናል፤ እኔም አህያዪቱን አይቻት ስለማላውቅ በዚህ አልፈርድም።

አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ወደ ጠሪው ወደ አለቃ ፈለቀ ሄደ።

«አለቃ፣ እኔ ንጉሡን እወዳለሁ፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ» አላቸው። «ከንጉሡ ጋር አንዳች ቅሬታ የለኝም። አያ ሽበሺ ባሉበት ቤት ግን መቀመጥ አልቻልኩም።»

አለቃ ፈለቀ ሳቁ። «እሳቸውም ትናንት መጥተው ስለ አንተ እንዲሁ ብለውኝ ነበር» አሉት። «ሁለታችሁንም እዚህ የጻፋችሁ ንጉሡ ነው። እኔ ጠሪ እንጂ መራጭ አይደለሁም።»

መልሱ እንግዳወርቅን አላስደሰተውም።

በዚያ ዘመን በመናገሻው ከተማ የጠቅላላ አባልነት ጽሕፈት ቤት የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ነበር። ሹሙ ሊቀ ጠቅላላ ወርቅአገኘሁ ይባላሉ። እኚህ ሰው የንጉሡን ሁለት ቃል መርምረው ሦስት መቶ ገጽ ጽፈዋል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፣ የመጀመሪያው ቃል ከሁለተኛው ስለሚሰፋ፣ የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ሁለተኛው አያስፈልገውም የሚል ነው። ስለዚህ ለጠየቀ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ይህን የያዘ ሰው የአርባ ሁለቱም ቤቶች ልጅ ነው። ሆኖም በአንዱ ቢመዘገብ አርባ አንዱ ቅር ስለሚላቸው በየትኛውም ቤት ስሙ አይጻፍም።» ወረቀት የሚቀበል ሰው አደባባይ ይቆምና ፊቱን ወደ አራቱም ማዕዘን እያዞረ አራት ጊዜ «የሁሉም ነኝ» ይላል። ራሱን ያዞረው ሰው እስኪረጋ ሁለት ዘበኞች ከግራና ከቀኝ ይደግፉታል፤ ይህም በደንቡ ውስጥ ተጽፏል።

ቤት ድረስ መሄድ ለሚሰለቻቸውም ሌላ ዘዴ ተበጀላቸው። ጽሕፈት ቤቱ በየኮረብታው ላይ ቁመቱ የሁለት ሰው ቁመት የሚሆን መለከት አስተከለ። ቀትር ሲሆን አንደበተ ርቱዕ የሆነ ጠሪ በመለከቱ «ሁላችሁም አላችሁ?» ብሎ ይጮኻል። ሰዉ በየአልጋው ላይ እንደተጋደመ «አለን!» ይላል። ጠሪው የሚመልሱለትን አይሰማም፤ መለከት ድምፅ ያወጣል እንጂ አያስገባም። ግን ድምፁ በጣም ያምራል፤ አልዋሽም፣ እኔም ሰምቼው አንጀቴን በልቶኛል።

እንግዳወርቅ ወደ ከተማ ወረደ፤ አራት ጊዜ ዞረ፤ ወረቀቱን ተቀበለ። አለቃ ፈለቀም ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ስሙን ከዋርካ ሥር መዝገብ ሰረዙት።

ከዚያ በኋላ እንግዳወርቅ ሦስት ዓመት ተመቸው። ሥራው ከመንደር መንደር የሚያዞር ነው፤ ቀትር በደረሰበት ቦታ ጥሪ ቤት ጎራ ይላል። ባቄላ ሲያምረው ላይ ሰፈር በሚባለው መንደር፣ ዜማ ሲያምረው ወንዝ ማዶ፣ ጥሩ ቃል ሲያምረው ገደል አፋፍ ይገኛል። በደረሰበት ሁሉ «ኧረ እንግዳ መጣ! ወዲህ ወደ ላይ ይቀመጡ!» ይሉታል። በእንግዳ ላይ ማንም ነገር አያነሣም። እንግዳ ድስት አያጥብም፤ ገመድም አይይዝም። አንድ ሰው ጠፍቶ ቤቱ ለፍለጋ ሲነሣ እንግዳወርቅ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ድስቱ ወደ ተከፈተበት ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ቀልጣፋ ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ ይበላል።

በአራተኛው ዓመት ጉሙ እንደ ወትሮው አልመጣም፤ ከብዶ መጣ። እንግዳወርቅ ቤቱ ቆዳ ነክሮ ትቶ፣ መዶሻውንና አንድ ጥንድ የብረት እርካብ በትከሻው አንግቶ ወደ ወንዝ ማዶ ሄደ። እዚያ ንፍሮውን በልቶ ሲነሣ ጠሪው «ጌታዬ፣ ወዴት ይሄዳሉ?» ብለው ጠየቁት። «እግሬ ወደ መራኝ» አላቸው። እንግዳን ከዚህ በላይ አይጠይቁትም። እግሩም የመራው ከላይ ሰፈር በታች ጎርፍ ወደ ቆፈረው ጥልቅ ጉድባ ነበር። መሬት ያለ መስሎት ረገጠ፤ መሬት አልነበረም። ታች ሲያርፍ የግራ ቅልጥሙ ተሰበረ።

መጀመሪያ ጮኸ። የጉም አገር ጩኸት ሩቅ አይሄድም። ከዚያ ዝም ብሎ ማሰብ ጀመረ። ወንዝ ማዶዎች ላይ ሰፈር ገብቷል ይላሉ። ላይ ሰፈሮች ገደል አፋፍ ሰንብቷል ይላሉ። ገደል አፋፎች ወደ ቤቱ ተመልሷል ይላሉ። ዋርካ ሥሮች ደግሞ እሱ የአርባ ሁለት ቤት ልጅ ነው፣ አንዱ ጋ አይጠፋም ይላሉ። አርባ ሁለቱን ቤቶች አንድ በአንድ እያነሣ በልቡ ዞራቸው። ሁሉም ይወዱታል። ሁሉም እሱ ሌላው ቤት በደኅና እንዳለ እርግጠኞች ናቸው። ይህን ሲረዳ ከእግሩ ሕመም ይልቅ ይህ አንጀቱን ቆረጠው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጆሮው ቀና አለ። ከኮረብታው ላይ መለከቱ ጮኸ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ሁላችሁም አላችሁ?»

«የለሁም!» ብሎ ጮኸ እንግዳወርቅ ባለ በሌለ ኃይሉ። «ጉድባ ውስጥ ነኝ! እግሬ ተሰብሯል! የለሁም!»

«ደስ ይላል!» አለ መለከቱ። «ሁላችሁም አላችሁ! እወዳችኋለሁ! የነገ ሰው ይበለን!»

ከዚያም ጠሪው ምሳውን ሊበላ ገባ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሁለተኛው ቀን እንግዳወርቅ አልመለሰም፤ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ከጉድባው ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየላሰ፣ በኪሱ የቀረችውን ቆሎ አንዳንድ ፍሬ እየቆጠረ ይቀምስ ነበር።

እንዲህ እያለ ዋርካ ሥር መንደር ውስጥ አንድ ሰው እንግዳወርቅን ይፈልግ ነበር። አያ ሽበሺ ናቸው። የፈለጉት ለፍቅር እንዳይመስላችሁ። ኮርቻው የአህያዪቱን ጀርባ እንደገና ስለላጠው፣ ጥሪ ቤት ስለማያገኙት፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ሊሰድቡት ነበር። የመጀመሪያው ቀን በሩ ተዘግቶ አገኙት። በሁለተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የሚሉትን ሁሉ ለበሩ ነግረው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። በጓሮ ዞረው ሲያዩ የተነከረው ቆዳ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ሸትቷል። አያ ሽበሺ ቆሙ። ኮርቻ ሠሪ ቆዳ ነክሮ ሦስት ቀን አይጠፋም። ሰውየው ክፉ ኮርቻ ይሠራል እንጂ ቆዳ የሚያበላሽ አይደለም ብለው በልባቸው አሰቡ።

በዚያን ቀን ቀትር ላይ በጥሪ ቤት ስማቸው ተጠራ።

«አለሁ» አሉ አያ ሽበሺ። «እንግዳወርቅ ግን የለም።»

አያ ሽበሺ በሕይወታቸው ይህን ያህል አጭር ነገር ተናግረው አያውቁም። ከዚያ ስለ በሩና ስለ ቆዳው ነገሯቸው።

አቶ ገላው የሚባል፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ከዳር ሆኖ «እሱን ምን አገባን?» አለ። «የአርባ ሁለት ቤት ልጅ ነኝ ብሎ አይደል የሄደው? አርባ አንዱ ይፈልጉት። ስሙ መዝገባችን ላይ የለም።»

«እውነት ነው፣ የለም» አሉ አለቃ ፈለቀ። ቀጥለውም «አያ ሽበሺ፣ ወረቀቱን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ይወቅ። ሹሙ ለጉብኝት መጥተው መለከቱ ሥር ሰንብተዋል ይባላል። ይሂዱና ይንገሯቸው» አሏቸው።

አያ ሽበሺ አህያቸውን እየነዱ ኮረብታውን ወጡ። ሊቀ ጠቅላላ ወርቅአገኘሁ ካባቸውን ደርበው፣ ከመለከቱ ሥር በተሠራው ክፍል ተቀምጠው ማኅተም ያደርቁ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሰው ጠፍቷል» አሉ አያ ሽበሺ።

«የየትኛው ቤት ሰው ነው?»

«የእርስዎ ነው። ወረቀት የሰጡት።»

ሊቀ ጠቅላላ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው አልጠፋም። ጠቅላላ አባል አይጠፋም። በአንዱ ቤት ባይገኝ በአርባ አንዱ እንዳለ ይገመታል። ጠፋ ለማለት አርባ ሁለቱም ቤቶች እኛ ዘንድ የለም ብለው በማኅተም ማረጋገጥ አለባቸው።»

«ይህ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ጉም ከሌለ ሁለት ወር።»

«ጉም ካለስ?»

«ጉም ካለማ መልእክተኛ አንልክም» አሉ ሊቀ ጠቅላላ እየተገረሙ። «ሰው ይጠፋብናል እኮ!»

አያ ሽበሺ አህያቸውን አዙረው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እየወረዱም «አይ ጉድ፣ አይ ጉድ» ይሉ ነበር።

ጥሪ ቤት ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል። ድስቱም እንደ ተከደነ ነው። አለቃ ፈለቀ የመዝገቡን ስም በሙሉ ጠርተው ጨርሰው፣ ሁሉም «አለሁ» ብሎ፣ መዝገቡ ተዘግቶ፣ ክዳኑን ግን አላነሡትም ነበር። አያ ሽበሺ ሹሙ ያሉትን ተናገሩ።

«ድስቱ ይቆይ» አሉ አለቃ ፈለቀ።

«በየትኛው ሕግ?» አለ አቶ ገላው። ሆዱ እየጮኸ ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

«ንጉሡ ተመልሶ እዚህ በር ላይ ሲቆም» አሉ አለቃ፣ «በዚህ መንደር የነበረው ኮርቻ ሠሪ የት ሄደ ይለኛል። ወረቀት ነበረው ልበለው? ገላው፣ አንተ ልትነግርልኝ ከሆነ ድስቱን ክፈት።»

አቶ ገላው ድስቱን አልከፈተም። እያጉተመተመ ተነሣና ገመዱን ከተሰቀለበት አወረደው። የገመዱን ጫፍም የያዘው እሱ ነው።

ሠላሳ ሰባት ሰው ገመዱን በየክንዱ ልዩነት ይዞ ወደ ጉሙ ወጣ። እንግዳወርቅ ብዙ ጊዜ በሚሄድበት፣ ከላይ ሰፈር በታች በሚያልፈው በወንዝ ማዶ መንገድ እየተጓዙ በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ያዳምጣሉ። «እንግዳወርቅ! እንግዳወርቅ ሆይ!» የሴቱም የወንዱም ድምፅ ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ጎርናና፣ አንዱ ዜማው የተበላሸ። እንደ መለከቱ የሚያምር አልነበረም።

ጉድባው ውስጥ ያለው ሰው ሰማው። በመጀመሪያ ሕልም መሰለው። ሦስት ቀን ሙሉ የሰማው «ሁላችሁም» የሚል ነው፤ ይህ ግን የገዛ ስሙ ነው፣ እናቱ ያወጣችለት ስም። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እጁ መዶሻውን ነካ። እርካቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይቀጠቅጠው ጀመር።

ከላይ ሰዎቹ ቆሙ። «ምንድን ነው ይህ?» አለ አቶ ገላው።

«የእሱ መዶሻ ነው!» ብለው ጮኹ አያ ሽበሺ። «ኮርቻዬን ሲያበላሽ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ከዚህ በታች ነው!»

ገመዱን አወረዱለት፤ አቶ ገላውም ወርዶ በወገቡ አሰረለት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጭንቅላቱን አንድ ሰው ጭን ላይ አስቀምጠው ውሃ አጠጡት። ዓይኑን ገልጦ በሹክሹክታ «ማን ነው የፈለገኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጭኑን የሰጡት ሰው። አያ ሽበሺ ነበሩ። «የአህያዬ ጀርባ ሊያልቅ ነው፤ አንተ እዚህ ተኝተሃል!»

እንግዳወርቅ ሳቀና አለቀሰ። ያን ዕለት በዋርካ ሥር ንፍሮ የተበላው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

ወጌሻ መጥቶ ቅልጥሙን አቃናለት፣ በሸምበቆም ጠፈረለት። እስኪድን ድረስ ሁለት ወር ከአለቃ ፈለቀ ቤት ተኛ። በእነዚያ ሁለት ወራት በየቀኑ ከቀትር በፊት አንድ ሰው እየመጣ በሩን ገፋ አድርጎ ያየው ነበር። አንዳንዱ «እንዴት አደርክ?» ይላል፣ አንዳንዱ አይቶት ብቻ ይሄዳል። አቶ ገላው ሲመጣ ቆሞ ያየውና ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። እንግዳወርቅ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በኋላም ከቀትር በፊት ዓይኑ በሩን መጠበቅ ጀመረ።

ሊቀ ጠቅላላ ወርቅአገኘሁም ነገሩን ሰምተው መጡ። የአርባ ሁለት ቤት ልጅን አንድ ቤት ብቻውን ማውጣቱ ሌሎቹን አርባ አንዱን እንደሚያስከፋ አስረዱ። እንግዳወርቅ አላከራከራቸውም። ከትራሱ ሥር ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣቸው።

«ከአርባ ሁለት ወደ አንድ መውረድህ ነው» አሉት ሹሙ፣ ከልባቸው አዝነው። «አይጠብብህም?»

«ጌታዬ» አላቸው እንግዳወርቅ፣ «በሦስት ዓመት ውስጥ በአርባ ሁለት ቤት በላሁ። አንድ ቀን እንኳ ማን እንደቀረ አላውቅም ነበር። እኔ ስጠፋ ያልፈለጉኝ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። እኔም ከእነሱ አንዱን ፈልጌ አላውቅም።»

ሊቀ ጠቅላላ ይህ በሦስት መቶው ገጽ ውስጥ በየትኛው ምዕራፍ መልስ እንደተሰጠው ሊያስታውሱ እየሞከሩ ወረቀቱን አጣጥፈው ወጡ።

እንግዳወርቅ በበትር ተደግፎ ወደ ጥሪ ቤት በገባበት ቀን ቤቱ እንደ ልማዱ ሁለት ጥያቄ ጠየቀው። ወደ ቤቱ የሚጻፍ ሰው ትወደናለህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ መውደድ ሲኖሩ የሚመጣ ነገር ነው።

«ስንጠራህ ትመልሳለህ?» አሉ አለቃ ፈለቀ።

«እመልሳለሁ።»

«ከእኛ አንዱ ሲጠራ ባይመልስ ትወጣለህ?»

እንግዳወርቅ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ። «እወጣለሁ» አለ።

ስሙ ተጻፈ። መቀመጫም ሲፈለግለት የተገኘው ባዶ ቦታ ከአያ ሽበሺ አጠገብ ብቻ ነበር። ለምን ያ ቦታ ባዶ እንደኖረ መገመት ለእናንተ አያቅታችሁም።

ዓመት ሞላ። ጉም እንደገና ወረደ። አንድ ቀን እንግዳወርቅ ከማለዳ ጀምሮ ቆዳ ሲሰፋ ውሎ፣ ቀትር ላይ ጠኔ ሊጥለው ሲል ወደ ጥሪ ቤት መጣ። ከድስቱ የሚወጣው ሽታ ምራቁን አስዋጠው። ስም መጠራት ጀመረ። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይመልሳል።

«ሽበሺ» አሉ አለቃ ፈለቀ።

መልስ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ ሰዉ ደስ አለው። ዛሬስ ንፍሮው በትኩሱ ይበላል የሚል ሐሳብ በሁሉም ፊት ላይ አለፈ፤ በእንግዳወርቅም ላይ አልፏል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

«ዛሬ አያ ሽበሺን ያየ አለ?» አሉ አለቃ።

«ትናንት አህያቸውን ሲያጠጡ አይቻቸዋለሁ» አለች አንዲት ሴት፤ ወዲያው ግን ትናንት እንደማይቆጠር ትዝ አላት። በዚያ ዕለት ያያቸው ሰው አልነበረም።

የእንግዳወርቅ እግር ጉም ሲወርድ ይጠዘጥዘዋል። የአያ ሽበሺ ቤት ደግሞ ከመንደሩ ዳር፣ ከዳገቱ በላይ ነው። ከእሱ የተሻለ እግር ያለው ሃያ ሰው እዚያ ተቀምጦ ነበር። እንግዳወርቅ በትሩን አንሥቶ ቆመ።

«ገመዱ ከመውረዱ በፊት እኔ ቤታቸው ሄጄ አይቻቸው ልምጣ» አለ።

ቤታቸው ሲደርስ በሩን ገፍቶ ገባ። አያ ሽበሺ በትኩሳት ነደው፣ በጋቢ ተጠቅልለው መደባቸው ላይ ተኝተዋል።

«መጣህ?» አሉት። «እኔማ ማን ያየኛል ብዬ ነበር። ነገሩ እንዴት እንደጀመረኝ ልንገርህ። ትናንት በጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ...»

እንግዳወርቅ በሩ ላይ ቆሞ «አይቼዎታለሁ» ብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ ሕጉ ከዚያ የበለጠ አይጠይቅም። በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። እሳቱን አያያዘ፣ ውሃ አሞቀ፣ እግራቸውን አጠበላቸው፤ እሳቸውም ከፊታቸው መታጠብ ጀምረው የትኩሳቱን ታሪክ ምንም ሳያስቀሩ እስከ ዛሬ ቀትር አደረሱለት። አንድም ቦታ ላይ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ውሃ አጠጣቸው፣ ጋቢያቸውን አስተካክሎ ሸፈናቸውና ወጣ።

ጥሪ ቤት ሲመለስ ሰዉ ተሰላችቶ፣ አንዳንዱም ግድግዳ ተደግፎ አሸልቦ ነበር። አለቃ ፈለቀ መዝገቡ ላይ ጣታቸውን እዚያው ስም ላይ አድርገው ጠብቀዋል።

«ሽበሺ» ብለው ደግመው ጠሩ።

«አሉ» አለ እንግዳወርቅ። «አይቻቸዋለሁ። አተኩሷቸዋል፤ ማታ አንድ ሰው ከእሳቸው ጋር ቢያድር ጥሩ ነው።»

«እኔ አድራለሁ» አለ አቶ ገላው።

አለቃ ፈለቀ የቀሩትን ስሞች ጠርተው ጨረሱ፤ ክዳኑ ተነሣ። ንፍሮው በርዶ ነበር። ሰዉ እያጉረመረመ መብላት ጀመረ፤ እንግዳወርቅም በቦታው ተቀምጦ፣ እንደ ቤቱ ሰው ሁሉ እያጉረመረመ በላ።